ደፑቴ ጀንበሬ እና የአበዛሽ ድምፅ

አበዛሽ ጅቡቲ ተወልዳ ጅቡቲ ያደገች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ፔካ 12 በሚባለው የከተማው ዳርቻ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ጭነት ከሚጠብቁበት ዳር፣ ምግብ ቤት አላት። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ሾፌሩ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲጎርፍ ጀንበሬም አብሮ መጣ። መጣና ሽሮዋን ቀመሰ፤ ቀመሰና ቀረ ማለት ይቻላል።

ጀንበሬ መኪና ከመንዳት ይልቅ ሰው ማስታረቅ ይቀናዋል። በዚያ ሙቀት ወረፋዬን ተቀደምኩ ብሎ የጎማ ክሪኩን ለድብድብ የሚያነሳ ሾፌር ሞልቷል። እሱ መሀል ይገባና አንዱን በቀልድ፣ ሌላውን በቀዝቃዛ ውሃ ያበርደዋል። ወሬው ከጭነቱ ቀድሞ አገሩ ገባ። ምርጫ ሲደርስ የወረዳው ሰው መረጠውና የክልል ምክር ቤት አባል ሆኖ አረፈው።

ምክር ቤቱ በዓመት ሁለቴ ቢሰበሰብ ነው። ስለዚህ ጀንበሬ ሙሉ ልብሱን በላስቲክ ሸፍኖ ከመቀመጫው ጀርባ ሰቀለና መሪውን መጨበጡን ቀጠለ። «ደፑቴ» ያለችው አበዛሽ ናት፤ ጅቡቲ ውስጥ የምክር ቤት ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። ስሙም ጸናበት።

ደፑቴው ግን ልቡ ያለው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን አበዛሽ ጓዳ ነበር። ተራ ሾፌር ሳለ አግቢኝ ቢላት፣ ሾፌር በየከተማው ቤት አለው ብላ መለሰችው። ተመርጦ ሲመጣ ደግሞ ሰሃኑን እያነሳች ሌላ ነገር አመጣች።

«ለመሆኑ እዚያ ገብተህ ምን ተናገርክ?»

ጀንበሬ ራሱን አከከ። ውሸት አይሆንለትም። ሰው እጁን ሲያወጣ እሱም እንደሚያወጣ ነገራት። የመንደሩን ድልድይ እንኳ፣ እናቱ ከማዶው የምትኖርበትን፣ ሁለት ምሰሶ ቆሞለት የአሞራ ማረፊያ ሆኖ የቀረውን፣ አንድ ቀን አላነሳም።

«ለሁሉም እሺ የሚል ሰው፣ ነገ ሌላዋ ና ስትለውም እሺ ይላል» አለችና ገባች።

ገብታ ግን ቆጫት። አርባ ዓመት አልፏታል፣ ሰውየውንም ትወደዋለች። እሺ ለማለት አንዲት ምክንያት ብቻ ነበር የፈለገችው።

ከወራት በኋላ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አመሻሽ ላይ የክልሉ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ሲጀምር ሾፌሮቹ ከማራገቢያው ሥር ተኮልኩለዋል፤ አበዛሽም ከምድጃው አንገቷን አስግጋለች። አንድ እጅ ወጣ። የጀንበሬ ነው፤ ከጎኑ ሌላ እጅ የለም። ድልድዩን አነሳ፤ አሞራዎቹንም አልረሳ። ሰብሳቢው ሰዓትዎ አልቋል አሉት።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ ጅቡቲ በር ላይ ሳምንት ወረፋ የምጠብቅ ሰው ነኝ። እርስዎ ይቺን ደቂቃ ይታገሡኝ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሾፌሮቹም ሳቁ። አበዛሽ አልሳቀችም። ሽሮው አረረባት። ሾፌሮቹ ያንኑ እርር ያለ ሽሮ በሉ፤ ያጉረመረመ የለም።

ለድልድዩ በዓመቱ አንድ ምሰሶ ተጨመረለት፤ አሞራዎቹም ሰፊ ቦታ አገኙ። በሚቀጥለው ምርጫ ግን የጀንበሬ ስም ከእጩዎቹ መሀል አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሦስት ሽማግሌዎች አበዛሽ በር ላይ ቆሙ። አባትና እናቷ ስላለፉ የሚጠይቁት ራሷን ነው። ተቀመጡ ብትላቸው፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ፤ ወጉ ነው። ወጉ ሙሽራው አብሮ ይምጣ አይልም፤ ጀንበሬ ግን አላስችል ብሎት ያንን ሙሉ ልብስ ለብሶ ከመኪናው ጥላ ሥር ላቡን ይጠርጋል።

አንጋፋው ሾፌር ጋሽ አምሀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዳንዋሽሽ ልጄ፣ ጀንበሬ ከእንግዲህ ደፑቴ አይደለም። ያው ሾፌር ነው።»

«እኔ መቼ ደፑቴ አምጡልኝ አልኩ?»

«እና ምን እንበለው?»

አበዛሽ በሽርጧ እጇን ጠራረገች። በሽማግሌዎቹ ትከሻ አሻግራ ወደ መኪናው እያየች፣ ያን ቀን በቴሌቪዥን እንዳየችው አድርጋ፣ እጇን ከፍ አድርጋ አወጣች።

ጋሽ አምሀ ወንበር ሳቡ።