ክርኑ አጠገብ ያለው እድፍ

ባለቤቴን ሁለት መቶ ጊዜ ያህል አጥፍቻታለሁ። ይህን ፖሊስ ፊት ብናገረው ጉድ ይፈላ ነበር፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ሥራዬ ነው። ፎቶ አንሺ ነኝ። የማነሳው ያረጁ አውሮፕላኖችንና ያላረጁ ሰውነቶችን ነው።

ከከተማው ዳር አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ አለች። ጡረታ የወጡ ሜካኒኮች እዚያ ተሰባስበው፣ ማንም የማይፈልጋቸውን የድሮ አውሮፕላኖች ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ። አንድ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ደግሞ በየዓመቱ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ያሳትማል፤ በየወሩ ገጽ አንድ ባለጡንቻ ከአንድ አሮጌ አውሮፕላን ጋር ይቆማል። ይህን ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ። ጡንቻና አውሮፕላን ምን አገናኛቸው የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እኔም መጀመሪያ ቀን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ በኋላ ግን ሁለቱም ዘይት ተቀብተው የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው ሳይ መጠየቁን ተውኩት።

ከአውሮፕላኖቹ ሁሉ የምወደውም የሚያናድደኝም አንዱ ነበር። ሁለት ሞተር ያለው የድሮ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ባዶ ብረት ነው። ሜካኒኮቹ በየሳምንቱ በጨርቅ ስለሚወለውሉት መስታወት ሆኖ ነበር። ፊቱ የቆመ ሁሉ ይታይበታል፦ ሳሩ፣ ሰማዩ፣ ካሜራዬ ላይ ያጎነበስኩት እኔ፣ በግራዬ የቆመችው ባለቤቴ። ደንበኛው ግን የፎቶ አንሺውን ቤተሰብ አሳዩኝ አላለም። ስለዚህ ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን አጎላና እኛን ከብረቱ ላይ እጠርጋለሁ፤ በእኛ ቦታ ሳርና ሰማይ እቀባለሁ። የት እንደምንቆም ስለማውቅ ማየት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። እጄ ለምዶታል።

ባለቤቴ ረዳቴ ነበረች። ሪፍሌክተር የምንለውን፣ ብርማ ጨርቅ የተወጠረበትን ትልቅ ክብ፣ በሁለት እጇ ይዛ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ሰውዬው ደረት ትመልሳለች። እነዚያ ባለጡንቻዎች ጡንቻቸው ተለይቶ እንዲወጣ ብለው ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ስለማይጠጡ ነገረኞች ናቸው። እሷ ውሃዋን የምትጠጣው ጎማው ጀርባ ተደብቃ ነበር። “እያዩኝ ስጠጣ አንጀቴን ይበሉኛል” ትላለች። ለሁሉም ቅጽል ስም ነበራት። የአውሮፕላኑ ጎን ክብ ስለሆነ ቁመት ይበላል፤ እሷ መለሎ ሴት፣ ብረቱ ላይ አጭር ድብልብል ሆና ትታያለች።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አውሮፕላን እኮ ጠላቴ ነው! እናቴ ብታየኝ አታውቀኝም።”

“ዝም ብለሽ ቁሚ። ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል።”

“ይዤዋለሁ ጌታዬ!”

“በሁለት እጅሽ ያዢው አልኩሽ!”

ሳቋን ስትውጥ ይሰማኛል። እኔ ካሜራው ላይ አፍጥጫለሁ፤ በቀኝ ዓይኔ አያለሁ፣ ግራውን ጨፍኛለሁ። በሥራ ላይ ደግ ሰው አይደለሁም፤ አልነበርኩምም። አመሻሹ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ስጠርግ ከኋላዬ ብቅ ትልና፣

“ዛሬስ አየኸኝ?” ትለኛለች።

“አጠፋሁሽ” እላታለሁ፣ ዞር ሳልል።

በሳቅ ትፈርሳለች። በቀልዴ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር፤ ቀልደኛ ነኝ ብዬ ኮራ ሁሉ እል ነበር።

ልጃችን አምስት ዓመት እንደሞላት ባለቤቴ ታመመች። ሦስት ወር አልቆየችም። ከእሷ በኋላ ሌላ ረዳት አልፈለግኩም፤ ሪፍሌክተሩን ባለሦስት እግር ብረት ላይ አሰርኩት። የመጀመሪያ ቀን ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ንቅንቅ አላለም። ሥራውን በግማሽ ሰዓት ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ይህ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት አለፈው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሁድ ጠዋት ልጄ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፎቶዎች ደርድራ ጠበቀችኝ። አንዱ የእናቷ መታወቂያ ነው። ሌላው የሠርጋችን ፎቶ ነው፤ ያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ ብርሃኑ ዛሬም ያበሳጨኛል። ባለቤቴ ዱቄት ተለቅልቃ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ መርፌ ልትወጋ ተራ የምትጠብቅ ትመስላለች።

“አባዬ፣ የእማዬ ፊት ጠፋብኝ” አለች ልጄ።

“እንዴት ጠፋብሽ?”

“ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ትመጣልኝ ነበር። ትስቃለች፣ ታወራለች። አሁን የሚመጣልኝ መታወቂያው ነው። ሌላ ፎቶ ስጠኝ።”

ምን ልበላት? ‘እናትሽ ፎቶ አትወድም ነበር’ ልል አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። ውሸት ነዋ። ከሥራ በኋላ “በል ዛሬ ደግሞ እኔን አንሳኝ” ትለኝ ነበር። “ብርሃኑ ሄዷል፤ ነገ” እላት ነበር። ነገ ደግሞ ሌላ ባለጡንቻ፣ ሌላ አውሮፕላን። የዚያን ጊዜ የእጅ ስልካችን ፎቶ አያነሳም፤ ካሜራው ደግሞ የሥራ ነው ብዬ ቤት ውስጥ ከቦርሳው አላወጣውም ነበር።

“የለም” አልኳት።

ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። “የማታውቃቸውን ሰዎች እምብርት ስታነሳ ኖረህ፣ እናቴን አንድ ቀን አላነሳሃትም?”

ቡናውን ትቼ ተነሳሁ፣ ወደ ሥራ ክፍሌም ገባሁ።

የድሮ ዲስኮቼን ሁሉ ከመሳቢያ አወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ንጹሕ ሠራተኛ ነኝ ባይ ስለሆንኩ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ያልተጠረጉትን ፎቶዎች እጥላቸው ነበር፤ የቀሩት የተጠናቀቁት ብቻ ናቸው። ያ ብርማ አውሮፕላን በሁሉም አለ። ከባለጡንቻው በስተጀርባ ሳሩም ሰማዩም ጥርት ብለው ይታያሉ። እሷ የቆመችበትን ቦታ ግን እኔ አውቀዋለሁ። ምስሉን እስኪበጣጠስ ድረስ አጉልቼ፣ ምናልባት አንድ ጣት፣ የቀሚስ ጫፍ፣ ጥላዋ እንኳ አምልጦኝ ይሆናል ብዬ ፈለግኩ። ምንም አላመለጠኝም። ሥራዬ ጥሩ ነበር። ምነው ሰነፍ ባደረገኝ አልኩ።

ልጄ በየቀኑ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ “አገኘህ?” ትለኛለች። ራሴን በአሉታ እነቀንቃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መጠየቋን ተወች፤ እሱ ከጥያቄው ይልቅ ጎዳኝ።

አንድ ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነስቼ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ሄድኩ። ብረቱ ያያትን ያስቀመጠልኝ ይመስል። ሽማግሌው ሜካኒክ መጋዘኑን ከፈተልኝ። አውሮፕላኑ ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

“መወልወሉ ክንዳችንን ጨረሰው” አለኝ። “ጉልበት ያለው ሰው የለንም። ምን ፈልገህ ነበር?”

“ምንም። ላየው ብዬ ነው።”

የድሮው ቦታዬ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ነጭ ግድግዳ ነው፤ እኔም አልታይበትም። በግራዬ ማንም የለም። ናፈቀችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትናፍቀኝ ኖራለች፣ የዚያን ቀን ግን ባሰብኝ፤ ነጩን ብረት ተደገፍኩ። ሽማግሌው አንድ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ “ተቀመጥ” አለኝና ምንም ሳይጠይቀኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ግድግዳው ደወለልኝ። ይህን ስም ያወጣችለት ባለቤቴ ናት፤ ጀርባውን ብታዩት እናንተም ሌላ ስም አታወጡለትም። ካነሳኋቸው ባለጡንቻዎች ሁሉ በራሱ ፍቅር እንደሱ የተያዘ የለም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከዚያ ብርማ አውሮፕላን ጋር አንስቼው ነበር። እስክጠርገው ድረስ ጠብቅ ስለው፣ “አይሆንም፤ እናንተ ስትጠርጉ ክንዴን ታሳንሱብኛላችሁ” ብሎ፣ ያልተነካካውን ፎቶ በዲስክ አስገልብጦኝ በዚያው ቀን ይዞት ሄደ። ዛሬ የራሱ ጂም አለው።

“ጋሼ፣ ጠፋህ እኮ! ያ ትልቁ ፖስተሬ በላብና በፀሐይ አለቀ። አዲስ አድርገህ አሳትምልኝ። ዲስኩ እጄ ላይ አለ።”

“እሺ።”

“ደግሞ አንተ ያኔ ያልጠረግከው አንድ እድፍ አለብኝ። ክርኔ አጠገብ። እሱን በነካ እጅህ አጥፋልኝ።”

ቁጭ ብዬ ነበር፤ ተነስቼ ቆምኩ። “ምን ዓይነት እድፍ?”

“እኔ ምን አውቄ ጋሼ! አጭር፣ ድብልብል ያለ ነገር ነው።”

ለልጄ አልነገርኳትም። በባዶ ተስፋ ሰጥቼ ደግሜ ልሰብራት አልፈለግኩም።

ጂሙ አንድ የቆየ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስገባ የብረቱ ኳኳታ ጆሮ ያደነቁራል፤ የጎማ ምንጣፍና የላብ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ፖስተሩ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ነው፤ ግድግዳው በግድግዳው ላይ። ባለቤቴ ብትኖር ይህን ሳትል አታልፍም ነበር። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልመልስ ወንበር ስቤ ወጣሁ፤ መነጽሬን አደረግኩና ክርኑ አጠገብ ፊቴን አስጠጋሁ።

እድፉ እሷ ናት።

የአውራ ጣቴን ታክላለች። ብረቱ ቁመቷን በልቶታል፤ ፊቷን ግን አልነካውም። ያቺ አረንጓዴ ሹራቧ፣ ፀጉሯን የምታስርበት ጨርቅ። ሪፍሌክተሩን በጉልበቷ ደግፋ በአንድ እጇ ብቻ ይዛዋለች። ሌላኛውን እጇን ጆሮዋ አጠገብ አንስታ፣ ጣቶቿን በትና፣ ታውለበልባለች። ባለጡንቻውን አይደለም የምታየው። ብረቱ ላይ ያለሁትን እኔን ነው የምታየው። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። አጠገቧ እኔ አለሁ፤ ጉብ ያልኩ፣ በፊት ፈንታ ካሜራ ያለኝ፣ ወደ እሷ ያለው ዓይኔ የተጨፈነ።

“ታየህ ጋሼ? ይጠፋል?” አለ ግድግዳው ከታች።

“አይጠፋም።”

“አንተ የማታጠፋው ነገር አለ እንዴ?”

“ባለቤቴ ናት” አልኩት።

ያ ግዙፍ ሰውዬ ሌላ ወንበር ስቦ ወጣና ዓይኑን አጥብቦ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። “ያቺ... ከረሜላ የሰጠችኝ? ልወድቅ ስል?”

“እሷ ናት።”

“በየቀኑ እኮ አየዋለሁ፤ በየቀኑ!” አለ። “የራሴን ክንድ ሳይ...” አልጨረሰውም። ቀስ ብሎ ወረደና፣ “እንዳታጠፋት። አዲሱም ላይ ትኑር” አለኝ። የሚሠሩትንም ልጆች ብረቱን ለጊዜው እንዲያስቀምጡ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

ለልጄ ደወልኩላት። የት እንደሆንኩ ብቻ ነገርኳት። ደረጃውን ሮጣ ስትወጣ ድምፅዋ ተሰማኝ። ወንበሩ ላይ አወጣኋትና በጣቴ አሳየኋት።

መስታወት ላይ የምትተነፍስ ያህል ተጠግታ ነበር። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እጇን ጆሮዋ አጠገብ አነሳችና ጣቶቿን በተነች።

“መዋዕለ ሕፃናት ስታደርሰኝ፣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ ታደርግልኝ ነበር” አለች። “እስክገባ ድረስ። አባዬ፣ መጣችልኝ። ድምፅዋም መጣልኝ።”

እኔ ድምፅዋን አልረሳሁትም ነበር። ‘ዛሬስ አየኸኝ?’ የሚለውን ያን ድምፅ። የወንበሩን መደገፊያ አጥብቄ ያዝኩ።

ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። “አባዬ፣ በሌሎቹ ፎቶዎች ላይስ? እነዚያ ባጠፋሃቸው ላይ ምን ታደርግ ነበር?”

“ብርሃኑ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር” አልኳት። “በአንድ እጇ ነበር የምትይዘው።”