የሳንቲም ስም የሰጡ ሰዎች

«ራሰ በራ የእኔ ናት» አለ ሔኖክ፣ የሻዩን ብርጭቆ እግሩ ሥር አስቀምጦ። «አባትሽ ባጃጄ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አንድ ስሙኒ አወጡና ‹ይሄን ፊቱ ሙልጭ ብሎ የጠፋ ሳንቲም እናንተ ምን ትሉታላችሁ?› አሉኝ። ‹ራሰ በራ ነዋ› አልኳቸው። ታቦር ተራራ ሥር እስክንደርስ ሲስቁ ሄዱ።»

ሩሀማ ጉልበቷ ላይ ባለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ «ራሰ በራ» ከሚለው ሥር ጻፈች፦ ሔኖክ፣ ባጃጅ ነጂ። አባቷ አቶ ወልደጻድቅ ከተቀበሩ ገና አንድ ቀናቸው ነው። እሷ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የእድሩ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ድንኳኑ ውስጥ ይህን ያላየ ሰው አልነበረም።

አክስቷ ዕፀገነት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ተናገረች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል? አባትሽን ቀብረሽ አንድ ዘለላ እንባ ሳታፈሺ የሰው ስም ትመዘግቢያለሽ?»

«አክስቴ፣ ከነገ ወዲያ ድንኳኑ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ይሄን ሁሉ ሰው የት አገኘዋለሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ወልደጻድቅ ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ቲኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላው ሳንቲሙን ቆጥሮ መሳቢያ ሲከት እሳቸው አገላብጠው ያዩታል። ያረጀ ወይም ለየት ያለ ካገኙ ከኪሳቸው ተክተው ቤት ያመጡታል፤ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስተኙታል። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጀመሩ። የሳንቲም ሰብሳቢዎችን ጽሑፍ ባነበቡ ቁጥር ይበሳጫሉ፤ አንዱ የሳንቲሙን ክፍል የፈረንጅ ስም እንዲህ ይጽፈዋል፣ ሌላው እንዲያ፣ የሁለቱንም የሚረዳ አንባቢ ግን የለም። «የአማርኛ ቃሉማ ሞልቷል፣ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው» ብለው ተነሱ። ገበያ ወጡ፣ ሐይቅ ዳር ወረዱ። የድሮው የሳንቲም ስም «መሐለቅ» በየትኛው «ሐ» እንደሚጻፍ ለማወቅ ብቻ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ፍለጋ ዲላ ድረስ ሄደዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይመጣል?

ከሰሙት ሠላሳ ሰባት ቃል መርጠው በደብተር ጻፉ። ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ትርጉሙና አጻጻፉ አለ፤ ከዚያ «የሰጠኝ» ይሉና የሰውየውን ስምና ሥራ ያሰፍራሉ።

ደብተሩን በላፕቶፕ የገለበጠችው ሩሀማ ናት። ቃሉን ከነትርጉሙ ጻፈች፣ ስሞቹን ግን ዘለለቻቸው።

«አባዬ፣ መጽሐፍ እኮ ነው፤ የእድር መዝገብ አይደለም» አለቻቸው።

«ስጦታ ተቀብለሽ የሰጠሽን ሰው ትደብቂያለሽ?»

«እሺ፣ በኋላ እጨምራቸዋለሁ።»

በኋላ አልደረሰም። ለበዓል ቤት ስታጸዳ ደብተሩን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር አደባልቃ ለቆራሌ ሰጠችው። አባቷ የሰሙ ቀን በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «ይሁን ልጄ፣ ሰዎቹ እኮ አሉ። እየዞርን እንጠይቃቸዋለን» አሏት። በሦስተኛው ሳምንት ልባቸው ቀጥ አለ። ሩሀማን ከሞታቸው እኩል ያንገበገባት ይሄ ነው፤ የአባቷን የዕድሜ ልክ ምስጋና በገዛ እጇ ለቆራሌ አስረክባለች።

ሁለተኛው ቀን ላይ ወሬው ድንኳኑን አዳርሶ ነበር። የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሶፍያ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብለው ከጎኗ ተቀመጡና ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«ዝምዝማትን ጽፈሻታል? የሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጭረቶች አሳይቶኝ ‹ልብስ ላይ ቢሆን ምን ትይዋለሽ?› አለኝ። እንዳይፈታ ዙሪያውን የሚያዝ ነገር ዝምዝማት ነው አልኩት። ሰውዬው ኪሎ ወርቅ የሰጠሁት ነው የመሰለው፤ ሱቄ ድረስ ተመልሶ ስሜን ከነአባቴ ጠየቀኝ።»

«ስምዎን ጽፎት ነበር ማለት ነው?»

«አሳይቶኛል እንጂ። እኔ ስሜ ከሊዝ ውል በቀር ሌላ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አይቼ አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

ሩሀማ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፈች።

ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ጀልባ ነጂው አምሳሉ መጣ። ምስሉ መሃል ላይ ሳያርፍ ወደ አንድ ጎን የተመታ ሳንቲም «ዘመም» የተባለው በእሱ ነው፤ ጭነቱ ያደላ ጀልባ ዘመም አለ ይባላል። አንድ ወጣት የእግር ኳስ ዳኛ ደግሞ የሳንቲም ሁለት ፊት ስም የሆነችው «ዘውድና ጎፈር» የእኔ ናት ሲል፣ «የአገሩ ሁሉ ናት፣ ምን አስበህ ነው?» ብለው ሳቁበት። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዕፀገነት ግን ሳቁን ሰምታ መጣችና የወንድሟ ልጅ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገቢውን ሁሉ «ወንድሜ የጠየቀህ ቃል አለ?» እያለች ወደ ሩሀማ ትመራ ጀመር።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ማቴዎስ ከይርጋለም ደረሱ፤ የቲኬት መስኮቱን ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት የተጋሩ ሰው ናቸው። የሞቱትን ቃል ሰጪዎች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። እሳቸው ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ ስም ያጣ አንድ ቃል ብቻ ቀረ።

«ወዝን ማን ሰጠው?» አለች ሩሀማ።

ሳንቲም ከብዙ ሰው እጅ፣ ከብዙ ዘመን የሚያገኘው ቀለም ወዝ ነው። አይታጠብም። አባቷ የጻፉት ይህን ብቻ ነው።

ይህን ስታነብ አሥር ዓመቷ ትዝ አላት። አባቷን ልታስደስት የጠገራ ብራቸውን በአመድና በሎሚ ፈትጋ አብለጭልጫ ነበር። ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ይሄ ቤት እንደማቃጠል ነው። እሳቸው ግን የቆሰሉ ጣቶቿን አገላብጠው አዩና «ወዙ ሄደ እንጂ ብሩማ አለ። አንቺ ደግሞ ሌላ ወዝ ትሰጪዋለሽ፣ እየያዝሽ አቆይው» ብለው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«እሷን ማንም አልሰጠውም» አሉ አቶ ማቴዎስ። «እኔ ፊት ነው የጻፋት። ‹ዝገት ብለህ ጻፋት› ስለው፣ ‹ዝገት ብረት ይበላል፣ ይሄ ግን ሰው የቀባው ነው› አለኝ። ‹እንግዲያው ስምህን ጻፋ› ስለው፣ ‹በገዛ መጽሐፌ ራሴን ላመስግን? ባዶ ትሁን› አለ።»

ወጣቶች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀምረዋል። ዕፀገነት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወረቀቱን አየች። «ባዶ ትሁን ካለ ባዶ ተያት፣ ልጄ። ቃሉ ነው።»

«እሱ ለራሱ አልሰጠም» አለች ሩሀማ። «ለእኔ ግን ሰጥቶኛል።»

ጎንበስ ብላ ቀስ እያለች ጻፈች። የሰጠኝ፦ አባቴ ወልደጻድቅ፣ ቲኬት ቆራጭ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለአክስቷ አቀበለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።