የአርባ አምስት ቀን ሕግ

በዚያ የብርድ ወራት በሕንዷ የጨርቅ ከተማ ሱራት ውስጥ ጨርቅ አልተሸጠም። ሽመና ቤቶች በሳምንት ሁለት ቀን፣ ኋላም ሦስት ቀን ዘጉ። ከሩቁ የኦዲሻ ክፍለ አገር የመጡት ሠራተኞች በባቡር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሥራ የፈቱ የሽመና መኪናዎች በኪሎ እየተመዘኑ ለብረት ነጋዴ ተሸጡ።

ማንጉቤን ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽመና ቤቱን ይዛ የኖረች ሴት ናት። ከአሥራ ሁለት መኪናዎቿ አራቱን ሸጠች። የቀሩትን ስምንቱን ለመመዘን የብረቱ ነጋዴ ቀን ቆርጧል። «ሼት»፣ ጌታው፣ እየተባለ በሚጠራው ጨርቅ አከፋፋይ በቸማን ዘንድ ግን ያልተከፈላት አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ሩፒ ነበራት። ጨርቁን ካስረከበች አሥራ አንድ ወር ሆኗል።

የሼቱን ሂሳብ ሠላሳ አንድ ዓመት የያዘው ታኮርባይ ነው። ከሥራው ግማሹ መጻፍ ነበር፤ ግማሹ «ከበዓል በኋላ ና» እያሉ ገንዘቡን ሊቀበል የመጣን ሰው መመለስ።

ያን ዓመት አዲስ ሕግ ወጣ። ከተመዘገበ ትንሽ አምራች የገዛ ነጋዴ አርባ አምስት ቀን አሳልፎ፣ የሂሳብ ዓመቱ እስኪዘጋም ሳይከፍል ከቀረ፣ ግዢው ወጪ ተብሎ አይያዝለትም። እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ይገብርበታል።

ሼቱ መላ አላጣም። «ምዝገባዋን ትሰርዝ። ያልተመዘገበን ሕጉ አያውቀውም። አስፈርማት» አለ።

ማንጉቤን ስትመጣ የክር ብናኝ ሻሿ ላይ ነበር።

«ደግሞ ከየትኛው በዓል በኋላ ልትለኝ ነው ታኮርባይ? በዓሉ አላለቀብህም?»

«ተቀመጪ ቤን፣ እህቴ። ሼቱ ይህን ፈርሚ ይላል። ምዝገባሽን የምትሰርዢበት ነው።»

«ብፈርም ይከፍለኛል?»

ታኮርባይ መነጽሩን አወለቀ። «ብትፈርሚ የሚያስቸኩለው የለም።»

«ባልፈርምስ?»

«ከእንግዲህ አይገዛሽም።»

«አሁንስ መቼ ገዛኝ? በነጻ ወሰደ እንጂ!» ወረቀቱን ገፍታ ወጣች።

ሼቱ ሲሰማ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ስትመልስ ኖረህ አንዲት ባልቴት አቃተችህ? እኔው አስፈርማታለሁ።»

«ቢያስፈርሟትም አይረባም፣ ሼት። ጨርቁን ስንረከብ የተመዘገበች ነበረች። ስረዛው ወደ ኋላ አይሄድም።»

ታኮርባይ ይህን ያወቀው የዚያን ቀን አልነበረም። ከሳምንት በፊት አንብቦታል። ማንጉቤን መጥታ እስክትሄድ ግን አልተናገረም፤ ሰው መመለስ ለምዶበት።

«ካልከፈልንስ?»

«ዕዳው እንዳለ ሆኖ፣ ወደ አምስት መቶ ሺህ ግብር።»

«ለመንግሥት?»

«ለመንግሥት።»

ሼቱ መጀመሪያ «ከእሷ ጨርቅ ማዘዝ አቁም» አለ። ቀጥሎም «ክፈላት» አለ።

የሂሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ማንጉቤን ደረሰኝ ይዛ መጣች። ስልኳ ላይ የገባላትን ገንዘብ ደጋግማ አየች።

«ሁለት በመቶ ጎድሏል።»

«የሼቱ ልማድ ነው፣ ቤን።»

«ይብላው። የብረቱ ሰውዬ ነገ ሚዛኑን ተሸክሞ ይመጣል፤ ተሸክሞ ይመለሳል።»

ደረሰኙን ፈርማ ሰጠችው። ታኮርባይ ቀኑን አይቶ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።