ቀይ ክር የታሰረበት ተልባ

የሺዋስ የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። ተልባው ምላሱ ላይ ይዝለገለጋል። ቅዳሴ ወጥቶ ጾም የተፈታበት ሰዓት ነውና ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጣቱን ይልሳል።

«እንዲህ ያለ ተልባ በዳባት ምድር አልቀመስኩም» አሉ የንስሐ አባቱ አባ ወልደ ሩፋኤል፣ ጺማቸው ላይ የተንጠባጠበውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «ከወዴት አገኛችሁት?»

«የቤቱ ነው፣ አባቴ!» አሉ የሚስቱ አክስት እትዬ ዓለምዬ። «ሟች ራሷ በየከረጢቱ አድርጋ ማጀት ሰቅላው። ሰልስቷን በገዛ እህሏ አበላች እኮ፣ የኔ ባለሙያ!»

የሺዋስ ጉርሻውን መዳፉ ላይ ተፋው።

«ተዉት፤ ኀዘን ጉሮሮውን ዘግቶት ነው» አለ ጎረቤቱ ገዱ፣ ሌላ እየጠቀለለ።

ሚስቱ ሠርካለም የቅባት እህል ተመራማሪ ነበረች። ድርቅ የሚችል የተልባ ዘር ስትፈልግ ስንት ክረምት አለፋት። ተልባው ሊያብብ ሲል መደቦቹ ላይ ላስቲክ ትዘረጋለች፤ ዝናቡ ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ ከሥር ያለው ይጠማል።

«እግዜር የሰጠውን ዝናብ ትከለክያለሽ አሉ» ይላት ነበር ገዱ ባጥሩ ላይ። «ለየሺዋስስ ውሃ ትሰጭዋለሽ?»

«ውሃማ እሰጠዋለሁ። የከለከልኩት ጠላ ነው!»

ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት ባሏን እጁን ይዛ ወሰደችው። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። አንዱ መደብ ብቻ ቀጥ ብሎ ሰማያዊ አበባውን ይዟል።

«አየኸው? ይኼ ነው። ከዚህ በቀር ጥም የቻለ ዘር የለኝም፤ ለከርሞ ዝናብ ለራቀው ለጃናሞራ እወስደዋለሁ።»

ሲደርስ ፍሬውን ለብቻው ለቅማ ከረጢቱን በቀይ ክር አሰረችው። በዚህ ሳምንት ከአዲ አርቃይ ስትመለስ መኪናው ሊማሊሞ ላይ ተገለበጠ።

የሺዋስ ተነሥቶ ማጀት ገባ። ሙቀጫው ዳር የደረቀ ተልባ ዝንብ ወሮታል። ከረጢቶቹ ባዷቸውን መሬት ላይ ተጥለዋል። እትዬ ዓለምዬ ተከትለውት መጡ።

«ምን ፈለግህ፣ ልጄ?»

«ቀይ ክር የነበረውስ፣ እትዬ?»

«እሱማ ፍሬው እንዴት ያምር ነበር! መጀመሪያ ያመስነው እሱን ነው። ምነው?»

ጣቶቻቸው በተልባ ወዝ ያብረቀርቃሉ። ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሏል። ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ የተልባው ሽታ ከገዛ ሆዱ ወጣበት። እሱም ሁለቴ ጎርሶ ውጧል።

«ምንም። ይሂዱ፣ እንግዳ አለ።»

ብቻውን ሲቀር ከረጢቱን ገለበጠ። ስፌቱ ውስጥ እሳት ያልነካቸው ጥቂት ፍሬዎች ተሰክተው ቀርተዋል። በጥፍሩ ሊያወጣቸው ሲል ያመልጡታል።

«የሺዋስ! አባ ሊያሳርጉ ነው!» ተባለ ከውጭ።

ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ጣዕሙ አልለቀቀውም፤ አንገሸገሸው። በረጠበው ጣቱ አንዷን ፍሬ አነሣት፤ የነጠላው ጫፍ ላይ አኖራት። ቀዩን ክር ከመሬት ፈልጎ ጥርሱ መካከል ያዘና እንደገና ጣቱን ላሰ።