የልጅቷን እናት አምጪ

«የልጅቷን እናት ይዘሽ ነይ። ለእህት አንመዘግብም።»

ታቢታ ከኋላዋ ለቆመች ሴት የተነገረ መስሏት ዞር አለች። ንግግሩ ግን ለእሷ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ የምዝገባ ሠራተኛ ናርዶስ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ወደ ታቢታ ገፋቻቸው።

«የምን እህት? እናቷ እኮ እኔ ነኝ።»

ናርዶስ ተነፈሰች። ከጠዋት ጀምሮ ከወላጅ ጋር ስትጨቃጨቅ የዋለች ሰው አተነፋፈስ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን አነሣችና ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበች። «ልጅ፣ ሶልያና ሽበሺ። እናት፣ ታቢታ ሽበሺ። የአባታችሁ ስም አንድ ነው። ክፍለ ከተማ ሲጽፉ ተሳስተው የእናትን ቦታ ላንቺ ሰጥተውሻል። አስተካክለሽ ነይ።»

እንግዲህ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ «እናት» ይላል፤ ሴትየዋ «እህት» ብላ ታነበዋለች።

ሶልያናን የወለደችው ታቢታ ናት። ያረገዘቻት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለች ነው። አባት የሚባለው ተመስገን ወሬውን እንደ ሰማ ስልኩን ቀየረ፣ ለምረቃ እንኳ ብቅ አላለም። ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ታቢታ ከጌታ እራት ታገደች። ተመስገንንስ ማን ያግደው? እሱ ሆዱ አይገፋ። አባቷ አቶ ሽበሺ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ባልንጀሮቻቸው ልጃቸውን ሲቀጡ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሕፃኗ ለጸሎት በቀረበች ቀን ግን መጋቢው «የአባቷን ስም ማን ልበል?» ሲሏቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሽበሺ በሉ። የእኔ ስም ለሁለትም ይበቃል።» በዚያ ጉባኤ ፊት ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። 

ያ በፍቅር የተሰጠ ስም ነው ዛሬ እንደ ሌባ ያስያዛት።

«ስህተት የለበትም» አለች ታቢታ ድምጿን ለማለስለስ እየታገለች። «ሽበሺ የእኔ አባት ነው። ልጄም በስሙ ትጠራለች።»

«የአንቺም አባት፣ የእሷም አባት?»

ከሰልፉ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አንዲት ሴት ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ስትል ተሰማት። ታቢታ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሰዎቹ ምን እንዳሰቡ ገብቷታል። ሽማግሌ አባቷን፣ በሕይወታቸው ክፉ ወሬ ነክቷቸው የማያውቁትን ሰው፣ በአንድ አፍታ ምን እንዳደረጓቸው ገብቷታል።

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለቻት ናርዶስን።

«ምን አልኩሽ? ጠየቅኩሽ እንጂ። እሺ፣ አባቷ ማን ይባላል?»

«አባት የላትም።»

«አባት የሌለው ልጅ አለ እንዴ? ኮምፒውተሩ የአባት ስም ካልገባ አያልፍም። እኔ ምን ላድርግ?»

«ዳይሬክተሩን ላናግር።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

መቼስ በዚህ አገር ዳይሬክተር ስብሰባ ላይ ያልሆነበት ቀን የለም። ታቢታ ወረቀቷን ሰብስባ ብትወጣ ደስ ባላት፣ ነገር ግን የምትሄድበት አልነበራትም። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያየቻቸው ሌሎች መዋዕለ ሕፃናት «ሞልቷል» ብለው መልሰዋታል፣ እዚህም ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። እሷ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ስትውል ልጅቷን የሚጠብቁት አቶ ሽበሺ ናቸው። ጉልበታቸው ደክሟል። በቀደም ሶልያና ከእጃቸው አምልጣ አስፋልት ወጥታ ባጃጅ ሊድጣት ሲል ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ ታቢታ ሥራ ላይ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይከዳታል።

ሶልያና ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገና አልተፈቀደም። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ያለውን ቢጫ ሸርተቴ እያየች የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች። «ገባሁ? አሁን ገባሁ?»

ታቢታ አባቷ ዘንድ ደወለች።

አቶ ሽበሺ ኮታቸውን ለብሰው በዝናብ በባጃጅ መጡ። ናርዶስ እሳቸውን ስታይ ሌላ ሰው ሆነች። ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው፣ ወንበር ሳበችላቸው። «ይቀመጡ አባባ። ዝናቡ እንዴት አደረገዎት?» ለታቢታ ግን ጠዋቱን ሙሉ ወንበር አልነበረም።

«እኔ የልጅቷ አያት ነኝ» አሉ አቶ ሽበሺ።

«አያትም አባት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አባትን ብቻ ስለሆነ እርስዎን አባት እንላለን። እሷን ደግሞ እህት፣ አምጪና ወሳጅ ብለን እንይዛታለን። እዚህ ጋ ይፈርሙና አለቀ።»

አለቀ! እናት የነበረች ሴት በአንድ ፊርማ አምጪና ወሳጅ ልትሆን። የባጃጅ ሾፌርም እኮ ከዚህ የተሻለ ስም አለው።

አቶ ሽበሺ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷት። «ልጄ፣ ወረቀት እኮ ነው» አሉ በቀስታ። «እናትነትሽን ማን ይወስድብሻል? ምጡን እርሺው ልጁን አንሺው ይባል የለ?»

«ምጡንማ ድሮ ረስቼዋለሁ፣ አባባ። ያማጥኩት እኔ መሆኔን ግን አልክድም።»

«ባጃጁን አስቢው።»

  ታቢታ ልጇ አስፋልት መሐል ቆማ ታየቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አባቷ ይህን እንደ እሺታ ወሰዱት፣ እሷም አልከለከለቻቸውም። መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱና እስክሪብቶውን አነሡ።

ናርዶስ ነገሩ በሰላም በመፈጸሙ ደስ ብሏት ነው መሰል፣ ወደ ሶልያና ጎንበስ አለች። ኢንተርቪው መሆኑ ነው፤ ሁሉንም ሕፃን አንድ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። «ሶሊዬ፣ ጎበዝ ነሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ ይቺ ማናት?» ብላ በጣቷ ታቢታን አሳየቻት።

ልጅቷ እናቷን አየች። ከዚያ ሴትየዋን። ከዚያ በመስኮቱ ሸርተቴውን። ጠዋቱን ሙሉ በሯን ሲዘጋ የዋለው አንድ ቃል መሆኑን፣ ሲከፍትላት የመጣውም ሌላ ቃል መሆኑን የአራት ዓመት ልጅ ብትሆንም አላጣችውም።

«እህቴ!» አለች።

ቢጫውን «ቢጫ»፣ ቀዩን «ቀይ» ስትል እቤት እንደሚጨበጨብላት፣ ቀና ብላ የእናቷን ጭብጨባ ጠበቀች። ያጨበጨበችው ናርዶስ ናት። «ጎበዝ! ይቺማ ገብታለች!»

ታቢታ በጥፊ የተመታች ያህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ማንን ትቆጣ? ልጅቷን? ልጅቷ ምን አጠፋች? የተጠየቀችውን ሳይሆን የሚፈለገውን መለሰች፤ ትልልቆቹ ፊቷ ቆመው ያስጠኗትን።

አቶ ሽበሺ አልፈረሙም። እስክሪብቶውን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።  «ልጄ» አሉ ናርዶስን፣ «ተማሪ ቤት ሳትገባ በፊት እናቷን መካድ አስተማርናት። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም አለሁበት። ከገባችማ ምን ልታስተምሯት ነው?»

«አባባ፣ እኔ እኮ ልርዳችሁ ብዬ...»

«ምዝገባውን ሰርዢው!» አለች ታቢታ። «አሁኑኑ፣ እያየሁሽ ሰርዢው!»

ናርዶስ ትከሻዋን ሰብቃ ሰረዘችው። «ቀጣይ!» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው ሴት ወደ ፊት ተራመደች።

የግቢው ዘበኛ በሩን ከፈተላቸውና ከኋላቸው ዘጋው። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ሶልያና ቁጭ ብድግ እያለች ታለቅሳለች። «በደንብ መለስኩ እኮ! ጎበዝ ተብያለሁ እኮ! ለምን አስወጣሽኝ?»

ታቢታ ቀሚሷ ጭቃ መንካቱን ሳታይ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችላት። ልትቆጣት አልፈለገችም፣ ድምጿ ግን እንደ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ሶሊ፣ እኔ ማነኝ?»

ልጅቷ ልቅሶዋን አቆመች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ የብረት በሩን አየች፤ ዘበኛው በቀዳዳው ያይ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ተከትላ መጥታ እንደሆነ። ማንም አለመኖሩን ስታረጋግጥ አፏን ወደ እናቷ ጆሮ አስጠግታ፣ ሰው እንዳይሰማ በእጇ ከልላ፣ «እማዬ» አለቻት በሹክሹክታ።

 ታቢታ ቱግ ብላ ተነሣች፣ ልጇን ታቅፋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ሽበሺ።

«ወደ ውስጥ። ይመዝግቡ አይመዝግቡ ጉዳዬ አይደለም። እዚያች ሴትዮ ፊት፣ እዚያ ሰልፍ ፊት ሶሊ ጮክ ብላ እማዬ እስክትለኝ ድረስ ከዚያ ግቢ አልወጣም።»

አቶ ሽበሺ ልጃቸውን አዩዋት።  ቀድመዋት ሄደው በሩን በጡጫቸው መደብደብ ጀመሩ።