በጆሮ የገባ ዜና

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሚርና ካስታኞን ግን ጠርጥራም አልዳነችም።

ሰኞ ጠዋት የቴሌቪዥን ጣቢያው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስትገባ በእሷ መስቀያ ላይ ሰማያዊ ኮት ተሰቅሎ አገኘች። አውርዳ ለካችው። ክንዷ እንኳ አልገባም።

«ይሄ የማን ነው?»

ኬታ፣ ስንት ዘመን ፊቷን ስትቀባት የኖረችው ሴትዮ፣ አጎንብሳ ብሩሾቿን ማጠብ ያዘች። «እኔ ምን አውቄ፣ የኔ እመቤት!»

ኬታና አለማወቅ ደግሞ የት ይተዋወቃሉ! በሞንቴሬይ ከተማ ማን ከማን እንደሚፋታ ከዳኛው ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አዘጋጁ ኦክታቪዮ «ዛሬ አምሮብሻል» አላት። አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን እንዲህ ብሏት አያውቅም። ሰው እንዲህ የሚሞገሰው ሲሞት ነው።

ሚርና ሃምሳን ተሻግራለች። በተከታታይ ድራማ መጀመሪያ ሙሽራ ሆነች፣ ቀጥሎ እናት። አያት ሁኚ ሲሏት «አያታችሁን ፈልጉ!» ብላ ወጣችና የቀትር ዜና አንባቢ ሆነች። ጋዜጠኝነት የተማሩት ባልደረቦቿ «ተዋናይዋ» ይሏታል፣ ዞር ስትል ማለት ነው። ይሄ ወንበር ከሄደ ወደ ድራማው የሚመልሳት የለም፤ ሌላ የምትሄድበትም የለም።

የጠረጠረችው ዛይራን ነበር። ዛይራ ከጎዳና የምትዘግብ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ ናት። ሰሞኑን ሚርናን አላስቀምጥ ብላታለች። ዛሬማ ጭራሽ ኮንቻ፣ ያንን ስኳር የለበሰ ዳቦ፣ በወረቀት ጠቅልላላት መጣች።

«ዶኛ ሚርና» አለቻት፣ እንደ እትዬ ማለት ነው፤ «አንዴ ላነጋግርዎት። ከስርጭቱ በፊት ቢሆን።»

«ስለ ምን?»

«እዚህ አይሆንም። ሰው ይሰማናል።»

«ሰው የማይሰማው ወሬ እኔ ጋ የለም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ!»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ገበያው ዘገባዋ ወጣች። ሚርና ዳቦውን ትክ ብላ አየችው። ወንበር የሚነጥቅ ሰው መጀመሪያ ያጎርሳል አለች በሆዷ። ገና ትኩስ ነበር፣ ቁርስም አልበላችም፤ ቢሆንም አንሥታ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የድራማ ተዋናይ የሚናገረውን አይሸመድድም። ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ይወተፍለታል፣ ከጀርባ አንዱ ያነብለታል፣ እሱ ተቀብሎ ይለዋል። በዚህ ሚርናን የሚያህል አልተፈጠረም። ቃሉ በጆሮዋ ገብቶ በአፏ እስኪወጣ መሃል ላይ ማሰብ የሚባል ነገር የለም። አንዴ አንባቢው ተናዶ «ታኮዬን ማን በላብኝ?» ቢል፣ እሷ የሚሞተውን ባሏን አቅፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ታኮዬን ማን በላብኝ?» ብላዋለች። ያን ቀን የሳቀ እስከ ዛሬ ይስቃል። ዜና ላይ ግን ጽሑፉ ካሜራው ፊት ባለ ስክሪን ይሮጥላታል፤ ማዳመጫው ለትእዛዝ ብቻ ነው።

ስርጭቱ ተጀመረ። የውሃ እጥረቱን ዜና አንብባ ሳትጨርስ ስክሪኑ ድርግም አለ። ወዲያው የኦክታቪዮ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣ፤ «አይዞሽ፣ ተበላሽቶ ነው። ዝም ብለሽ ተከተዪኝ።»

ደስ አላት። ይሄማ የለመደችው እንጀራዋ ነው! እሱ ይላል፣ እሷ ትላለች። ስለ ውሃው ጨርሰው ወደ ገበያው ሲሻገሩ ዛይራ ከጎኗ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ብቅ አለች። ኦክታቪዮ ግን የማነጋገሪያውን ቁልፍ ማጥፋት ረስቶ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞረ።

ሚርናም በዚያው ሞገስ፣ በዚያው ፈገግታ፣ ካሜራውን እያየች እንዲህ አለች፦

«ሚርና ዓርብ ታበቃለች፤ እስካሁን አልነገርናትም። ዛይራን ወንበሩን ውሰጂ ብንላት ‹የዶኛ ሚርናን? ሞቼ ነው ቆሜ!› ብላ አሻፈረኝ አለች። ከጓዳላሃራ ሌላ ልጅ እያስመጣን ነው፤ ኮቷ ደርሷል።»

«ሚርና! ዝም በይ!» አለ ጆሮዋ ውስጥ።

«ሚርና! ዝም በይ!» አለች ለተመልካቹ።

ያኔ ነው የገባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ከተማው ሁሉ ከእሷ እኩል ሰማ። ኦክታቪዮ ትንፍሽ አላለም። ሥራ ከጀመረች ወዲህ የምትለውን የሚነግራት ሲጠፋ ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዛይራ ማይክራፎኗን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ይሄንን ነበር ልነግርዎት የፈለግኩት» አለች።

ሚርና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ ትልቁ ስክሪን ዞረች።

«ዛይራ» አለች፣ «ዳቦሽን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፣ ልጄ። ሳልቀምሰው ጣልኩት።»