ሰፊዋ

“መኪናውን አጥፊና ተነሺ፣ ጓድ ገዲሴ” አላት ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወጋየሁ።

ገዲሴ የልጅ ሸሚዝ እጅጌ እየገጠመች ነበር። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ወጋየሁ ሁለት የጉልበት ሠራተኞች አስከትሎ አጠገቧ ቆሟል።

“ምን አጠፋሁ?”

“ያጠፋሽው ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ቁርጥራጭ መጋዘን ትሠሪያለሽ። መኪናሽን ፀሐይወርቅ ትይዘዋለች።”

“እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ ለቃሚ አይደለሁም።”

ወጋየሁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገር ግን በዙሪያቸው ያሉት መኪኖች ቀጥ ብለው ስለነበር ሁሉም ሰማው።

“ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ለድርቁ እርዳታ የሚያመጡ የውጭ ሰዎች ናቸው። ለተራቡ ሕፃናት ልብስ እየሰፋን መሆኑን እናሳያቸዋለን። በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው አንቺ ላይ ነው። እህሉን ማን በላው አይሉም?”

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ገዲሴ ማን እንደሆነች ለማየት አልዞረችም። የጉልበት ሠራተኞቹ ለእሷ ተብሎ የተሠራውን ሰፊ አግዳሚ ወንበር ይዘው ወጡ፤ እሷም ተከተለቻቸው።

ጊዜው ኅዳር 1977 ነው። ሬዲዮው ቀን ከሌት ስለ ወሎና ስለ ትግራይ ያወራል። የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ለተራቡት ከደመወዙ ሰጥቷል፤ ገዲሴም ሰጥታለች። ንፋስ ስልክ ያለው ይህ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የግለሰብ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ፣ ተወርሶ የመንግሥት ከሆነም በኋላ፣ የዕለት ድርሻውን ከእሷ ቀድሞ የሚጨርስ አልነበረም። ጓደኞቿ “ሰፊዋ” ሲሏት ሙያዋንም ሰውነቷንም ማለታቸው እንደሆነ ታውቃለች። አብራቸው ትስቅ ነበር። ላፍቶ ውስጥ የአባቷ የገበሬው የዳባ ዘር በሙሉ እንዲህ ነው፦ እሱም፣ አክስቶቿም ደንዳና ናቸው። በሠርጓ ዕለት አማቷ “ቤት የምትሞላ ልጅ አገኘን” ብለው እልል ብለውላታል። ያገባችው ሰው ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀረ። አሁን ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና ልጇ ፅጌረዳ ናቸው።

በዚያው ቀን የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር በኃይሉ ዘንድ ሄደች።

“የሠራተኛ አዋጁ ግልጽ ነው” አላት። “ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም።”

“አልተባረርኩም፣ ጋሽ በኃይሉ። ተወረወርኩ።”

“እሱንም እንከሳለን።”

እንግዶቹ ሐሙስ መጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ገዲሴን ግን ወደ መኪናዋ የመለሳት የለም። መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ብናኝ እየማገች ቁርጥራጭ ስትለይ ሰነበተች። ማታ ማታ ትስላለች። በኃይሉ ግን ቃሉን አላጠፈም፤ ከሰሰ፤ ቀጠሮም አስያዘ።

የቀጠሮው ዋዜማ አመሻሹ ላይ፣ የታጨደውን ማሳ አቋርጦ ላፍቶ ድረስ መጣ። ሲገባ ፊቱ ፈክቷል።

“ጉዳዩን የሚያየውን ሰውዬ በሰው በሰው አናገርኩት። መንገድ አለው። በሽታ ነው በዪ።”

“ምኑ?”

“ውፍረቱ ነዋ! ሕጉ በሽተኛ ይጠብቃል፤ ወፍራም የሚባል ነገር አያውቅም። የሐኪሙን ነገር ለእኔ ተዪው።”

“እኔ እኮ ራስ ምታት እንኳ ይዞኝ አያውቅም።”

“እሱን ማን ጠየቀሽ? መኪናሽን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?”

“እፈልጋለሁ።”

“በቃ! ነገ ሲጠይቁሽ ‘ታምሜ ነው’ ማለት ነው።”

ገዲሴ እሺ አለች። በኃይሉን ሸኝታ ስትመለስ ፅጌረዳ ራቷን ሳትነካ ወደ ጎን ገፍታዋለች። ልጅቷ አያቷን ዳባን መስላ ከክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ትገዝፋለች።

“ብዪ እንጂ” አለቻት።

“ጠግቤያለሁ።” ፅጌረዳ ቀና ብላ አየቻትና፣ “እማዬ፣ እኔንም ይዞኛል እንዴ?” አለች።

“ምኑ?”

“ጋሽ በኃይሉ ያለው በሽታ።”

ገዲሴ ሳህኑን መልሳ ወደ ልጅቷ አስጠጋችው፤ ፅጌረዳ ግን ተነሥታ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች።

በማግስቱ መነጽር ያደረገው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ መጀመሪያ ወጋየሁን ጠየቀ።

“በሥራ ችሎታዋ ላይ ቅሬታ አለዎት?”

“የለኝም።”

“ታዲያ?”

“ለቦታው አትመችም። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ደግሞም የፋብሪካው ገጽታ አለ።”

ኃላፊው ወደ ገዲሴ ዞረ። “ይህ ውፍረት በሕመም ምክንያት የመጣ ነው ተብሏል። እውነት ነው?”

በኃይሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። ገዲሴ መኪናዋ ታየቻት፤ መጋዘኑም ታያት። አፏን ከፍታ “ታም…” ብላ ጀመረች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት።

“ጤነኛ ነኝ” አለች። “አባቴም እንዲህ ነው፤ ልጄም እንዲህ ናት። ማናችንም አልታመምንም።”

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሠራተኛዋ እስካልተባረረች፣ ደመወዟም እስካልተነካ ድረስ፣ የሥራ ቦታ መመደብ የአስተዳደሩ ሥልጣን ነው አለ። አቤቱታዋ ውድቅ ሆነ። ወጋየሁ ሲወጣ የበኃይሉን እጅ ጨበጠ፤ እሷን አላያትም።

በኃይሉ ደጅ ሲደርሱ ቱግ አለ።

“አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትዪ ምን ነበረበት? አሁንም ገና አልፈረመበትም። ግቢና ‘ደንግጬ ነው’ በዪው።”

“አልገባም።”

“እዚያ ብናኝ ውስጥ እኮ ነው የምታረጂው!”

“አውቃለሁ፣ ጋሽ በኃይሉ።”

ትቷት ሄደ። እሷ ፌርማታው ላይ ቆማ አውቶቡስ ጠበቀች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ባዶ ቢሆን እንኳ መቀመጥ ልማዷ አይደለም፤ ሰው እንዳያጉረመርም ስትል ብረቱን ይዛ ቆማ ነው ላፍቶ የምትደርሰው። ዛሬ ግን ስትገባ መሀል ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ አጠገብ ክፍት ቦታ አየችና ወደዚያ አመራች። ሰውዬው ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና አፉን አጣመመ።

“ይኼ እኮ የሁለት ሰው ወንበር ነው፣ እትዬ።”

“እኛም ሁለት ነን” አለችው። “ትንሽ ጠጋ በል።”

ተቀመጠች።